ሆቴሉን ሳይሆን ክፍሉን ምረጡ፦ በታሪካዊ ቡቲክ ሆቴል ለማደር የሚረዳ መመሪያ

ታሪካዊ ሆቴል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያደርኩ ዕለት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ፎቶው ላይ አይቼ የወደድኩት ነገር ሁሉ በቦታው ነበረ። የተቀረጸው የእንጨት ደረጃ፣ በጂፕሰም አበባ ያጌጠው ጣሪያ፣ ከወለል ተነስቶ ጣሪያ የሚነካው መስኮት። ግን ይህ ሁሉ ያለው እንግዳ መቀበያው ጋ ነው። የእኔ ክፍል ከኋላ በተቀጠለ አዲስ ሕንፃ ውስጥ፣ ልክ ከወጥ ቤቱ የአየር ማስወጫ በላይ ነበር። ማንም አልዋሸኝም። እኔም አልጠየቅሁም፣ እነሱም አልነገሩኝም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አሮጌ ቤቶች ውስጥ አድሬያለሁ። የገባኝ ነገር ይህ ነው፤ በትልቅ ዘመናዊ ሆቴል 412 ቁጥርም ሆነ 512 ቁጥር አንድ ዓይነት ክፍል ነው። አሮጌ ቤት ውስጥ ግን ሁለት ክፍል አይመሳሰልም። አንዱ የባለቤቶቹ ሳሎን ነበር፣ አንዱ የሠራተኛ ማደሪያ፣ ሌላው ዕቃ ቤት። ዛሬ ሁሉም "የሁለት ሰው ክፍል" ተብለው በተቀራራቢ ዋጋ ይሸጣሉ። የትኛው እንደሚደርሳችሁ የሚወሰነው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመድረሳችሁ በፊት ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሹ የሚያልቀው ከቤት ሳትወጡ ነው።

1. ቤቱ ቀድሞ ምን እንደነበር እወቁ

ቡቲክ ሆቴል የሚባለው ክፍሎቹ ጥቂት የሆኑ፣ የራሱ መልክና ጠባይ ያለው ሆቴል ነው። ስያሜው የገነነው ኢያን ሽሬገር እና ስቲቭ ሩቤል እ.ኤ.አ. በ1984 ኒውዮርክ ላይ ሞርጋንስ ሆቴልን ከከፈቱ በኋላ ነው። ትልልቆቹን ሆቴሎች ከትልቅ የገበያ አዳራሽ፣ የራሳቸውን ከትንሽ ቡቲክ ጋር ያመሳሰለው ሩቤል ነው ይባላል። "ታሪካዊ" የሚለው ቃል ግን ማንም የሚለጥፈው ቃል ሆኗል። የሆቴሉ ድረ ገጽ ላይ ሁለት ነገር ፈልጉ፤ ሕንፃው የተሠራበት ዓመትና መጀመሪያ የተሠራበት ዓላማ። ሁለቱም ከሌሉ ጥርጣሬ ይግባችሁ።

ዓላማውን ማወቅ ለወሬ ብቻ አይደለም። ስለ ክፍሉ ብዙ ይነግራችኋል። እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ውስጥ ያለው ማልሜዞን ሆቴል እስር ቤት ነበር። ብዙዎቹ ክፍሎች የእስረኞች ክፍሎች ተጋጥመው የተሠሩ ናቸው፤ እስር ቤት የነበረ ቦታ ላይ መስኮቱ ትንሽና ከፍ ያለ ቢሆን አይግረማችሁ። ስፔን ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ያለው ታሪካዊ ሆቴል ደግሞ ነገሥታቱ እ.ኤ.አ. በ1499 ለመንፈሳዊ ተጓዦች እንዲሠራ ያዘዙት ሆስፒታል ነበር። ሆቴል የሆነው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። እንዲህ ያለ ቤት በውስጥ ግቢዎች ዙሪያ የተሠራ ነውና ወፍራም ግድግዳ፣ ረጅም ኮሪደርና ብዙ እርምጃ ጠብቁ። ሪያድ በሚባለው የሞሮኮ ባህላዊ ቤት ውስጥ ካደራችሁ መስኮቱ የሚያየው ወደ ውስጥ ግቢ ነው። የመንገድ ጫጫታ የለም። ግቢው ውስጥ ተቀምጠው የሚያወሩ ሰዎች ድምፅ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል።

2. ክፍላችሁ በአሮጌው ሕንፃ ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ

እኔ የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። ብዙ ታሪካዊ ሆቴሎች አሮጌው ቤት ስለማይበቃቸው ጎን ለጎን አዲስ ሕንፃ ይሠራሉ። ቦስተን ያለው ሊበርቲ ሆቴል ጥሩ ምሳሌ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተሠራ እስር ቤት ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ሆቴል ሆኖ ተከፈተ። አብዛኞቹ የመኝታ ክፍሎች ግን ያሉት አጠገቡ በተሠራው አዲስ ማማ ውስጥ ነው።

አዲሱ ክፍል መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጸጥ ያለ፣ ሻወሩ የተሻለ፣ ሊፍቱ የሚያስተማምን ነው። ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ እንዲያውም እሱን ምረጡ። ግን መርጣችሁ ግቡበት። የክፍሎቹ ዝርዝር ላይ "ክላሲክ"፣ "ሄሪቴጅ"፣ "ጋርደን ዊንግ" የሚሉ ስሞች ስታዩ የትኛው የትኛው ሕንፃ ላይ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ።

3. ፎቁን አስቡበት

የሰው ሊፍት ለመጀመሪያ ጊዜ በንግድ ቤት ውስጥ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1857 ኒውዮርክ ውስጥ ሲሆን የሠራውም የኤሊሻ ኦቲስ ድርጅት ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩ ቤቶች ላይ ላይኛው ፎቅ የድሃ ነበር። ማን ሀብታም አምስት ፎቅ በእግሩ ይወጣል? ባለቤቶቹ የሚኖሩት ከምድር ቤቱ በላይ ባለው የመጀመሪያው ፎቅ ላይ ነው። ጣሪያው የሚረዝመው፣ መስኮቱ የሚተልቀው፣ ጌጡ የሚበዛው እዚያ ነው። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ጣሪያው ዝቅ እያለ ይሄዳል። ከጣሪያው ሥር ያሉት የሠራተኞች ክፍሎች ግድግዳቸው ዘሞ ጭንቅላት ሊመታ ይችላል፤ በበጋ ይጋግራሉ፣ በክረምት ይበርዳሉ።

ስለዚህ ጌጡን የምትፈልጉ ከሆነ ዝቅ ያለውን ፎቅ ጠይቁ። የከተማውን ጣሪያ እያያችሁ ቡና መጠጣት የምትወዱ ከሆነ ላይኛውን። እንደ እኔ እንደ እኔ የመጀመሪያው ፎቅ፣ ከኋላ በኩል ያለው ክፍል የሚወዳደረው የለም።

የፎቅ አቆጣጠር ደግሞ ከአገር አገር ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ "አንደኛ ፎቅ" ምድር ቤቱ ነው። አብዛኛው አውሮፓ ውስጥ ከምድር ቤቱ በላይ ያለው ነው። "ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም" ሲባል አንድ ፎቅ ደረጃ ሊጨመርባችሁ ስለሚችል "ስንት ደረጃ ነው የምወጣው?" ብላችሁ ብትጠይቁ ይሻላል። ከጉልበት ችግር ጋር ለሚኖር ሰው ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው ካለ የሊፍቱንም የመታጠቢያ ቤቱንም በር ስፋት በሴንቲ ሜትር አስለኩ፤ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ሊፍት መኖሩ ብቻ አይበቃም። ብዙ አሮጌ ሊፍቶች ሁለት ሰው ከነሻንጣው አይይዙም፤ ሊፍቱ ጋ ለመድረስም አምስት ስድስት ደረጃ መውጣት ሊኖር ይችላል።

4. ድምፁን ከሩቅ አድምጡ

በታሪካዊ ቤት ዋናው የእንቅልፍ ጠላት ድምፅ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ላይ መስኮት መቀየር በብዙ አገር በሕግ የተከለከለ ወይም ልዩ ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። ስለዚህ መስታወቱ ነጠላ ሆኖ ይቀራል። ወለሉ እንጨት ነው፤ ከላይ ያለው ሰው ሌሊት ውኃ ለመጠጣት ሲነሳ እርምጃውን ትቆጥራላችሁ። ትልቁ ክፍል ለሁለት ተከፍሎ ከሆነ ደግሞ መሃል ያለው ግድግዳ ስስ ነው።

የእንግዶችን አስተያየት ስታነቡ ኮከቡን እርሱት። ከቅርቡ ጀምራችሁ "ጫጫታ"፣ "ደረጃ"፣ "ሙቅ ውኃ"፣ "ሽታ" በሚሉ ቃላት ፈልጉ። የክፍል ቁጥር ጠቅሶ የጻፈ ሰው ካገኛችሁ ወርቅ አገኛችሁ ማለት ነው፤ ቁጥሩን ጻፉት። ከዚያ ካርታ ክፈቱና የሆቴሉን ዙሪያ እዩ። ከፊት ለፊት ምን አለ? የምሽት ክበብ? የትራም ሐዲድ? ደወል ያለው ቤተ ክርስቲያን? ጠዋት ዕቃ የሚራገፍበት ገበያ?

5. ለሆቴሉ ራሱ ጻፉ

በሌላ ድርጅት ገጽ ብትይዙም እንኳ ለሆቴሉ በቀጥታ ኢሜይል ላኩ ወይም ደውሉ። ሃያ ሠላሳ ክፍል ባለው ቤት ስልክ የምታነሳው ሰው ክፍሎቹን እንደ እጇ መዳፍ ታውቃቸዋለች። እኔ የምልከው መልእክት ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም፦

"ጤና ይስጥልን። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን እናንተ ጋ አድራለሁ። እንቅልፌ ቀላል ስለሆነ ከመንገድና ከሊፍት የራቀ፣ በአሮጌው ሕንፃ ውስጥ ያለ ክፍል ቢሰጠኝ ደስ ይለኛል። በዚያ ሰሞን ቤቱ ውስጥ ወይም አጠገቡ የግንባታ ሥራ ወይም ሠርግ ይኖራል? ክፍሉ የትኛው ቁጥር እንደሚሆን ከወዲሁ ቢነግሩኝ አመሰግናለሁ።"

አጭር ነው፤ ምክንያት አለው፤ የሚመለስ ጥያቄ አለው። "ጥሩ ክፍል ስጡኝ" ብላችሁ ከጻፋችሁ መልሱ "እሺ" ብቻ ይሆናል። ለአንዱ ጥሩ የሆነው በረንዳ ለሌላው የሌሊት ጫጫታ ነውና የምትፈልጉትን በስሙ ጥሩት። ስለ ሠርግ መጠየቅን አትናቁ። ያማረ አሮጌ ቤት ሠርግ ይወዳል፤ ከአዳራሹ በላይ ከሆናችሁ እስከ እኩለ ሌሊት አብራችሁ መጨፈራችሁ ነው።

መልሱ ራሱ ብዙ ይናገራል። "ከኋላ ያለው 14 ጸጥ ያለ ነው፣ ግን ሻወር የለውም፣ ገንዳ ብቻ ነው" ብሎ የሚጽፍላችሁ ቤት እንግዳ ያከብራል።

6. ክፍያውን በአጭሩ

ቁርስ በዋጋው ውስጥ መኖሩን፣ የከተማ ግብር ለብቻ መከፈሉን፣ እስከ መቼ ያለ ቅጣት መሰረዝ እንደሚቻል አንብቡ። ስትገቡ ካርዳችሁ ላይ ለመያዣ የተወሰነ ገንዘብ ሊታገድ ይችላል። በዴቢት ካርድ ከሆነ የሚታገደው ባንክ ያለው የራሳችሁ ገንዘብ ነው፤ እስኪለቀቅም ቀናት ሊወስድ ይችላል። በመንገድ ላይ እጅ እንዳያጥራችሁ አስቀድማችሁ መጠኑን ጠይቁ።

7. ከሻንጣው ውስጥ የማይቀሩ ነገሮች

አንድ ትልቅ ሻንጣ ከመያዝ ሁለት ትንንሽ ይሻላል። ጠመዝማዛ ደረጃ ላይ ልዩነቱ ይገባችኋል። ባለ ብዙ ሶኬት ማራዘሚያ ያዙ፤ አሮጌ ክፍል ሶኬቱ ጥቂት ነው፣ ያለውም ከቁም ሣጥን ጀርባ ነው። የአገሩን የኤሌክትሪክ ኃይል እዩ። ጃፓን 100 ቮልት፣ አሜሪካ 120 ቮልት፣ አብዛኛው ሌላ አገር ከ220 እስከ 240 ቮልት ነው። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ይችላል፤ የፀጉር ማድረቂያ ግን ብዙ ጊዜ አይችልም። ከመሰካታችሁ በፊት ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ወፍራም ግድግዳ ዋይፋይ ያግዳልና የሚያስፈልጋችሁን ካርታና ሰነድ ስልካችሁ ላይ አውርዱ።

የጆሮ መድፈኛም ያዙ፣ አጠቃቀሙንም እወቁ። ብዙ ሰው የስፖንጁን መድፈኛ ጆሮው ጫፍ ላይ ለጠፍ አድርጎ "አይሠራም" ይላል። በጣታችሁ እያንከባለላችሁ እንደ ክር አቅጥኑት። በሌላው እጃችሁ ጆሮአችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ። አስገቡትና እስኪያብጥ ሠላሳ ሰከንድ ያህል በጣት ያዙት። ያኔ ዓለም ዝም ይላል።

8. የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች

ቁልፉን ተቀብላችሁ ስትገቡ ሻንጣውን አልጋ ላይ አትጣሉ። መታጠቢያ ቤቱ ንጣፍ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ የፍራሹን ማዕዘን ገልጣችሁ ስፌቱን በስልክ መብራት እዩ። የራስጌውን እንጨት ጀርባም እዩ። በእስክሪብቶ ጫፍ የተነካካ የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ትኋን ሊሆን ይችላል። ትኋን የትም ይገባል፤ ዘመናዊ ቤትም አይምርም። ግን የአሮጌ እንጨት ስንጥቅ ይመቸዋል።

ቀጥሎ ሙቅ ውኃውን ክፈቱና ጠብቁ። ማሞቂያው ምድር ቤት፣ ክፍላችሁ አራተኛ ፎቅ ከሆነ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ያ ችግር አይደለም። አምስት ደቂቃ አልፎ ቀዝቃዛ ከሆነ ችግር ነው። ውኃው እየፈሰሰ ሳለ መስኮቱን ክፈቱና ዝጉ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፉና ክፈቱ።

ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ውጡ። ይህን አትዝለሉት። የእሳት አደጋ መውጫው የት እንደሆነ አይታችሁ ከክፍላችሁ እስከዚያ ስንት በር እንዳለ ቁጠሩ። ጭስ ሲኖር ምልክት አይታይም፤ ግድግዳ እየዳሰሳችሁ የቆጠራችሁት በር ነው የሚያወጣችሁ። አሮጌ ቤት እንጨቱ ብዙ፣ ኮሪደሩ ጠማማ ነው። እኔ ቁጥሩን በሹክሹክታ እየደጋገምኩ ነው ወደ ክፍሌ የምመለሰው። ክፍሉ ውስጥ የጭስ ጠቋሚ ከሌለ ሌላ ክፍል ጠይቁ። ምድጃ ካለ ደግሞ ሳታስፈቅዱ አታንድዱ፤ የብዙዎቹ ጭስ ማውጫ ከተደፈነ ዘመን አልፎታል።

ያልተመቻችሁ ነገር ካለ አሁኑኑ ውረዱና በጨዋ ቃል ንገሩ። ልብስ ሳትዘረግፉ፣ አልጋው ሳይነካ፣ ሌላው ክፍል ሳይሰጥ። ጠዋት "ሌሊት አልተኛሁም" ብትሉ ይቅርታ ታገኛላችሁ፤ እንቅልፉን ግን አታገኙትም።

9. ከቤቱ ጋር መግባባት

አሮጌ ሊፍት ባለ ሁለት በር ሊሆን ይችላል። ውጪ ያለው የእንጨት ወይም የብረት በር፣ ውስጥ ያለው ተጣጣፊ ፍርግርግ። ሁለቱም "ቀጭ" ብለው ካልተዘጉ ንቅንቅ አይልም። ስትወጡም ሁለቱንም ዝጉ። ፍርግርጉን ክፍት ትታችሁ ከሄዳችሁ ሊፍቱ እዚያው ይቀራል፤ ታች ያሉ አዛውንት አራት ፎቅ በእግራቸው ይወጣሉ።

መስኮት አልንቀሳቀስ ካለ አትታገሉት። ወደ ላይ የሚገፋው ዓይነት ክፈፉ ውስጥ በተሰወረ ገመድና ክብደት የሚንጠለጠል ነው። ገመዱ ከተበጠሰ መስኮቱ እንደ ቢላዋ ይወርዳል። ጣታችሁን ጠብቁ፣ ሠራተኛ ጥሩ። እርጥብ ፎጣ የእንጨት ወንበር ላይ አትስቀሉ፣ ትኩስ ሲኒ በባዶ ጠረጴዛ ላይ አታኑሩ። አንድ ጊዜ የጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ነጭ ክብ ምልክት አየሁ። አንድ ሰው አንድ ቀን ሻይ አስቀምጦ ነው። ያ ጠረጴዛ ያንን ክብ ይዞ ይኖራል።

የማሞቂያው ቱቦ ሌሊት "ቋ፣ ቋ" ሲል አትደንግጡ። ብረቱ ሲሞቅ ሲለጠጥ፣ ሲበርድ ሲኮማተር የሚያሰማው ድምፅ ነው።

10. ቤቱን እዩት

ለዚህ ነውና የመጣችሁት ጊዜ ስጡት። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት፣ ብርሃን ሳለ፣ በሊፍት ሳይሆን በዋናው ደረጃ ውረዱ። እጃችሁን የደረጃው መደገፊያ ላይ አድርጉ። ስንት ሰው እንደነካው በልስላሴው ይታወቃል። የድንጋይ ደረጃ ከሆነ መሃሉን እዩ፤ ጎድጎድ ብሏል፣ በጫማ ተበልቶ።

ከዚያ ውጡና ቤቱን ከመንገድ ማዶ ሆናችሁ ተመልከቱ። የመስኮቶቹን ቁመት ከፎቅ ፎቅ አወዳድሩ። የነገርኳችሁ የሀብታሙ ፎቅ ወዲያው ይለያል። ከበሩ በላይ ወይም ከማዕዘኑ ድንጋይ ላይ ዓመት ተቀርጾ ሊሆን ይችላል።

ስትመለሱ መቀበያው ላይ ያለውን ሰው ሥራ ሲቀንስለት ጠብቁና "ከዚህ ቤት በጣም የድሮው ነገር የትኛው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ በዚህ ጥያቄ የተዘጋ አዳራሽ ተከፍቶልኛል። አንዳንድ ቤቶች ክፍል ራሱን ሙዚየም አድርገውታል። ኢስታንቡል ያለው ፔራ ፓላስ የተሠራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በኦሪየንት ኤክስፕረስ ባቡር ለሚመጡ እንግዶች ነው። የቱርክ ሪፐብሊክ መሥራች አታቱርክ ያርፍበት የነበረው 101 ቁጥር ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ሙዚየም ነው። ፎቶ ስታነሱ ሌሎች እንግዶችን አስፈቅዱ። ለእናንተ ቅርስ የሆነው ኮሪደር ለጎረቤታችሁ የመኝታ ክፍሉ ደጅ ነው።

11. ስትወጡ

ሂሳቡን ከመክፈላችሁ በፊት መስመር በመስመር አንብቡ። ትልቅ የናስ ማንጠልጠያ ያለው ቁልፍ ከተሰጣችሁ ኪሳችሁን ፈትሹ፤ ያን ያህል የሚከብደው ረስታችሁት እንዳትሄዱ ነው። አውሮፕላናችሁ ማታ ከሆነ ሻንጣችሁን እንዲያስቀምጡላችሁ ጠይቁና የመጨረሻዋን ሰዓት ሳሎናቸው ውስጥ ተቀመጡ።

የክፍላችሁን ቁጥርም ጻፉ። እኔ ለዚህ የሚሆን ትንሽ ደብተር አለኝ። "22፦ ጸጥ ያለ፣ ጠዋት ፀሐይ ይገባል፣ ሻወሩ ደካማ። 9፦ ከሊፍቱ ጋር ይዋሰናል፣ አይሆንም።" ባለፈው ዓመት አንዲት ጓደኛዬ ወደ አንዱ ከተማ ስትሄድ ደወለችልኝና "የት ልረፍ?" አለችኝ። ደብተሬን አውጥቼ የሆቴሉን ስም ነገርኳት። ቀጥዬም "22 ቁጥርን ስጡኝ በያቸው" አልኳት።